ለአንድ ዓመት አነቃቂ መጽሐፍ ይቅርብን ወይስ አይቅርብን?

(የአንድ ንባብ ቡድን አባላት በቅጽል ስማቸው የተጻጻፉት ክርክር)

ቅጠል ገላጭ፦
የንባብ ቡድናችን ባለፉት ሰባት ወራት ሰባት መጽሐፍ አነበበ። ስድስቱ «እንዲህ ብታደርግ ሕይወትህ ይቀየራል» የሚሉ ናቸው። ሰባተኛውም ያው ነው፤ ሽፋኑ ብቻ ጠቆር ይላል። ስለዚህ ለክርክር የማቀርበው ይህን ነው፦ ለመጪው አንድ ዓመት ከራስ አገዝ መጻሕፍት እንጹም። ልቦለድ ይሁን አላልኩም። ኢልቦለድ እናንብብ። ግን ስለ ዓለም የሚያወራ ይሁን። ስለ ጠዋት አነሳሳችን የሚያወራውን ጠግበናል።

ምክንያቴ አንድ ቁጥር ነው። ከሰባቱ በአራቱ ውስጥ «ልማድ ለመያዝ 21 ቀን ይበቃል» የሚል አገኘሁ። አራቱም ከየት እንዳመጡት አይናገሩም። ነገሩ ከነከነኝና ምንጩን ፍለጋ ወጣሁ። መጨረሻ ላይ የደረስኩት ማክስዌል ማልትዝ የሚባል አሜሪካዊ የፕላስቲክ ቀዶ ጥገና ሐኪም ጋ ነው። ሰውዬው በ1960 (ዓመቱን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) ባሳተመው መጽሐፍ፣ ታካሚዎቹ አዲሱን መልካቸውን ለመልመድ ቢያንስ 21 ቀን ገደማ እንደሚወስድባቸው ጽፏል። በቃ፣ ይኸው ነው። አፍንጫውን ያስተካከለ ሰው መስታወት ለመልመድ የፈጀበት ጊዜ፣ እኔ ስፖርት ለመልመድ የሚፈጅብኝ ጊዜ ተብሎ ተሸጠልኝ። «ቢያንስ» የምትለዋ ቃልም መንገድ ላይ ተንጠባጥባ ቀርታለች።

ምን ይጠበስ፦
እሺ፣ 21 ባይሆንስ ምን ይጠበስ? እኔ ተቃዋሚ ነኝ፤ ከወዲሁ ይታወቅልኝ። ከሥራ የወጣሁ ጊዜ አራት ወር አልጋ ላይ ነበርኩ። ስልክ አላነሳም፣ ጺሜን አልላጭም። አንድ ጓደኛዬ ቀጭን አነቃቂ መጽሐፍ ሰጠኝ። «ዛሬ አልጋህን ብቻ አንጥፍ» ትላለች። አነጠፍኩ። በማግስቱም አነጠፍኩ። ሳይንሷ ልክ ይሁን አይሁን አልጠየቅኳትም። ያኔ ስለ ሮም መንግሥት አወዳደቅ የሚተርክ 900 ገጽ ብትሰጡኝ ትራስ ነበር የማደርገው። የሚሰምጥ ሰው ገመድ ይወረወርለታል እንጂ የባሕር ታሪክ አይነበብለትም።

ቁጥር ወዳድ፦
ገመዱን አልነቅፍም። ግን ከባሕሩ ከወጣህ ሦስት ዓመት ሆኖሃል፤ አሁንም ገመድ እየገዛህ ነው።

ስለ ቁጥሩ ልጨምር። ለንደን ውስጥ ፊሊፓ ላሊ የምትባል ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር ይህንኑ ጥያቄ ፈትናው በ2009 ይፋ አድርጋለች። 96 በጎ ፈቃደኞች ለ84 ቀን አንድ አንድ ትንሽ ነገር መረጡ። አንዱ ምሳ ላይ ፍራፍሬ መብላት፣ ሌላው ከእራት በፊት ሮጥ ሮጥ ማለት። ነገሩ ሳያስቡት የሚደረግ እስኪሆን ድረስ መሃል ላይ ያለው ሰው 66 ቀን ፈጀበት። ፈጣኑ 18፣ ዘገምተኛው 254። ልብ በሉ፣ ጥናቱ የቆየው 84 ቀን ብቻ ነው። ታዲያ 254 ከየት መጣ? በስሌት የተገመተ ነው። አሁን ደግሞ አነቃቂዎቹ «66 ቀን» እያሉ መጻፍ ጀምረዋል። ተረቱ እዛው ነው፣ ቁጥሩ ልብስ ቀየረ።

ምን ይጠበስ፦
የገመዷን ነገር ወድጃታለሁ፣ አልዋሽም። ግን አንተም የሰጠኸኝ ሌላ ቁጥር ነው። ከ18 እስከ 254 ቀን ሊወስድብኝ እንደሚችል ማወቄ ምን ያደርግልኛል?

ቁጥር ወዳድ፦
በ22ኛው ቀን ሲያቅትህ «እኔ ሰነፍ ነኝ» እንዳትል ያደርግሃል።

ጋሼ መነጽር፦
ልጆች፣ እስቲ ትንሽ ወደኋላ እንመለስ። ይህን ዘርፍ በስሙ ያስተዋወቀው ሳሙኤል ስማይልስ የተባለ ስኮትላንዳዊ ነው። በ1859 «ሰልፍ ሄልፕ» (ራስ አገዝ) የሚል መጽሐፍ አሳተመ። ዳርዊን ስለ ዝርያዎች አመጣጥ የጻፈውም በዚያው ዓመት ነው የወጣው። የስማይልስን ገልጣችሁ ብታዩ አብዛኛው የሰው ታሪክ ነው። የመሐንዲስ፣ የሸማኔ፣ የሸክላ ሠሪ። ራስ አገዝ ሲጀመር የሕይወት ታሪክ ነበር ማለቴ ነው።

አንዱ ባለታሪክ በርናርድ ፓሊሲ ነው፤ የ16ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳዊ ሸክላ ሠሪ። ነጭ የሚያብረቀርቅ ቅብ ለማግኘት ዓመታት ለፋ። አንድ ጊዜ ቅቡ ሊቀልጥ ትንሽ ሲቀረው ማገዶ አለቀበት። የአትክልቱን አጥር ነቅሎ ምድጃው ውስጥ ከተተ። አልበቃም። ጠረጴዛውን ሰባብሮ ጨመረ። ከዚያ የቤቱን ወለል። ሰዉ አበደ አለው። ይህን ሁሉ ራሱ በ1580 ባሳተመው መጽሐፍ ተርኮታል። ቅቡን አገኘ፣ ስሙም ገነነ። የሞተው ግን ባስቲል እስር ቤት ውስጥ ነው። ፕሮቴስታንት በመሆኑ።

የዛሬ አነቃቂ ከዚህ ሁሉ «ተስፋ አትቁረጥ» የምትለዋን መዞ ይሄዳል። ዕዳውን፣ የቤተሰቡን ምሬት፣ እስር ቤቱን ይተወዋል። እኔ ቅጠል ገላጭን እደግፋለሁ። ምክሩን ካነበባችሁት አይቀር ሰውየውን አንብቡት።

ቁጥር ወዳድ፦
ጋሼ፣ በአንድ ነገር ልሞግትዎት። ስንት ሸክላ ሠሪ ወለሉን አቃጥሎ ቅቡን ሳያገኝ ቀረ? የእነሱን ታሪክ ማን ጻፈው? የሕይወት ታሪክም ቢሆን የተሳካለትን ሰው ነው የሚመርጠው። ችግሩ ከራስ አገዙ ጋር አንድ ነው።

ጋሼ መነጽር፦
ልክ ብለሃል፤ እቀበላለሁ። ለዚህ ነው እኔ ከአንድ ሰው ይልቅ አንድን ችግር የሚከተል መጽሐፍ የማስበልጠው። ያልተሳካላቸውም ውስጡ ይገባሉ። ምሳሌ ልስጥህ። በ1707 አራት የእንግሊዝ የጦር መርከቦች ያሉበትን ስፍራ በትክክል ሳያውቁ ከዓለት ጋር ተላትመው ሰመጡ። ከሺህ በላይ ሰው አለቀ። ባሕር ላይ ሆኖ ኬንትሮስን (ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ ምን ያህል እንደተጓዙ) መለየት የሚቻልበት አስተማማኝ ዘዴ አልነበረም። በ1714 ፓርላማው መፍትሔ ላመጣ 20,000 ፓውንድ እሰጣለሁ ብሎ ሕግ አወጣ። ከዚያ በኋላ የመጣው የሐሳብ መዓት ያስቃል፣ ያስለቅሳል። አስትሮኖሚ የተማሩት ሰማይ ሰማዩን ሲያዩ፣ ጆን ሃሪሰን የሚባል አናጺ በማዕበል የማይዛባ ሰዓት ሠራ፤ የተነሱበት ወደብ ስንት ሰዓት እንደሆነ ካወቁ ኬንትሮሱ ይሰላልና። ሽልማቱን ግን ዓመት ከዓመት አንከራተቱት። የመጨረሻው ክፍያ በፓርላማ ውሳኔ ሲሰጠው 80 ዓመቱ ነበር። ዴቫ ሶቤል በ1995 «ሎንጊትዩድ» (ኬንትሮስ) ብላ ጽፋዋለች። ቀጭን መጽሐፍ ናት። ምን ይጠበስ፣ ትራስ አትሆንህም።

ነርሷ፦
ፈረቃ ላይ ስለነበርኩ ዘገየሁ። ሁላችሁም ምን እናንብብ ነው የምትሉት። እኔ ግን ጥያቄ የሌለው ሰው የትኛውም ዝርዝር አይጠቅመውም ባይ ነኝ።

አንዲት ታካሚ «ጠፋ ብላችሁኝ አልነበር፣ ለምን ተመልሶ መጣ?» አለችኝ። ካንሰሯን ነው። የተማርኩትን መለስኩላት። መልሴ ለራሴም አልበቃኝም። ቤት ገብቼ ፍለጋ ጀመርኩና የካንሰር ሐኪሙን የሲድሃርታ ሙከርጂን መጽሐፍ አገኘሁ። በ2010 የወጣው፣ በዓመቱ የፑሊትዘር ሽልማት ያገኘው። የካንሰር የሕይወት ታሪክ ይለዋል ራሱ። ወፍራም ነው፣ አላታልላችሁም። ግን ጥያቄ ይዤ ስለገባሁ ገጹ አልታወቀኝም። መሃሉን ዘልያለሁ፤ ማንም አልከሰሰኝም።

ዋናው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ስለ ሕዋስ ሳነብ ሒላ የሚባሉትን የቤተ ሙከራ ሕዋሳት ትዝ አሉኝ። ተማሪ ሳለሁ ስማቸውን ሸምድጃለሁ። የሰው ስም ምሕጻር መሆኑን የነገረኝ አልነበረም። ሄንሪየታ ላክስ ትባላለች። በ1951 ታክማ ሳለ ከዕጢዋ ተወሰደ፣ ሳትጠየቅ። እሷ በዚያው ዓመት ሞተች፤ ሕዋሶቿ ዛሬም ይራባሉ። የሬቤካ ስክሉት መጽሐፍ ስለ እሷና ስለ ልጆቿ ነው። ከዚያ ስለ ፈቃድና ስለ ሕግ ሌላ ሦስት አነበብኩ። ማንም አልመረጠልኝም። አንዱ መጽሐፍ ጀርባው ላይ ባለው ማስታወሻ ሌላውን ይጠራዋል።

ምን ይጠበስ፦
ነርሷ የምትለው ይገባኛል። ግን እዚህ ቡድን ውስጥ አሥራ ሁለት ሰው አለ። አሥራ ሁለት ጥያቄ ሊኖረን ነው። ደግሞ አንድ ነገር ያናድደኛል፤ «ከባድ መጽሐፍ» ስላነበቡ ብቻ የሚንጠባረሩ ሰዎች። ማስታወሻ ያለው ሁሉ እውነት ነው ያለው ማነው?

ቁጥር ወዳድ፦
ማንም አላለም። እንዲያውም ይህን ነጥብ ልስጥህ። ዳንኤል ካህነማን የኖቤል ተሸላሚ የሥነ ልቦና ሊቅ ነበር። በ2011 ስለ ሰው አስተሳሰብ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ አንድ ምዕራፍ አለ። አንድ ቃል ወይም ሥዕል ማየት ብቻ ሳናውቀው ጠባያችንን ይቀይራል የሚሉ ጥናቶችን ይደረድራል። አለማመን አማራጭ አይደለም እስከማለት ደርሶ ነበር። ከእነዚያ ጥናቶች በርካቶቹ ሲደገሙ አልሠሩም። በ2017 ራሱ አመነ፤ በጥቂት ሰዎች ላይ በተሠሩ ጥናቶች ከሚገባው በላይ ተማምኛለሁ አለ። እኔ ያን ምዕራፍ በሁለት ቀለም አስምሬበት ነበር። አሁን ስከፍተው አፍራለሁ።

ግን ልዩነቱን እይ። የካህነማን ስህተት የታወቀው ምንጩን ስለጻፈ ነው። ሰው ተከትሎ ሄዶ ፈተሸው። የ21 ቀኗን ማን ይፈትሽ? ምንጭ የላትማ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

ቅጠል ገላጭ፦
እንግዲህ ምን ይጠበስ የጠየቀው ትልቁ ነገር «እንዴት እንምረጥ» ነው። እኔ የማደርገውን ልንገራችሁ። መጽሐፉን ከፊት አልከፍትም፣ ከኋላ ነው። ማስታወሻ አለው? ዋቢዎቹ ሁሉ የራሱ የጸሐፊው መጻሕፍት ከሆኑ እመልሰዋለሁ። ከዚያ የቃላት ጠቋሚውን አያለሁ። በጣም የማውቀውን አንድ ነገር ፈልጌ እዛች ገጽ ላይ ብቻ አነባለሁ። በማውቀው ከዋሸኝ በማላውቀው አላምነውም። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ለፍለጋው ደግሞ የዩኒቨርሲቲ ኮርሶች የንባብ ዝርዝር ወርቅ ነው። ኤምአይቲ የተባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የኮርሶቹን ማቴሪያል በነፃ እለቃለሁ ያለው በ2001 ነው፤ ብዙዎቹ ዝርዝሩ አላቸው። አስተማሪ ተማሪውን በወፍራም መጽሐፍ ሲቀጣ እንኳ የቱን ምዕራፍ እንደሚያነብ ይነግረዋል። እኛም ያንኑ ምዕራፍ ብቻ ማንበብ እንችላለን።

ጋሼ መነጽር፦
ቤተ መጻሕፍት መግባት የሚችል ሰው ደግሞ በመጽሐፉ ጀርባ ላይ ያለውን ቁጥር ይያዝ። ዲዊ በሚባለው፣ መጻሕፍት በርዕሰ ጉዳይ ቁጥር በሚሰጣቸው አመዳደብ ራስ አገዙ በብዛት 158 ላይ ነው የሚቀመጠው። ከዚያ ብዙም ሳትርቁ 150ን ብታዩ ሥነ ልቦናው ራሱ አለ። 500 ሳይንስ ነው፣ 900 ታሪክ። አንድ የወደዳችሁት መጽሐፍ ካለ ቁጥሩን ይዛችሁ ግራና ቀኙን አገላብጡ። እኔ ከፈለግኩት ይልቅ ከጎኑ የተገኘው ነው ብዙ ጊዜ የጠቀመኝ።

ነርሷ፦
አንድ ማሻሻያ ላቅርብ። ጾሙ ይቅር። ሰው ሲከፋው የፈለገውን ያንብብ፤ ምን ይጠበስ አልጋው ላይ ሳለ እኔም ሎንጊትዩድን አልሰጠውም ነበር። ቡድኑ ግን አንድ ላይ የሚያነበው ከራስ አገዝ ውጪ ይሁን። በየወሩ አንድ ሰው በተራው ጥያቄ ያምጣ። መጽሐፍ ሳይሆን ጥያቄ። መጽሐፉን አብረን እንፈልጋለን።

ቅጠል ገላጭ፦
ተቀብያለሁ። እንዲህ ሆኖ ድምፅ ይሰጥበት።

ቁጥር ወዳድ፦
ድጋፍ።

ጋሼ መነጽር፦
ድጋፍ። መጀመሪያ ጥያቄ የሚያመጣው ተቃዋሚው ይሁን፤ ያኔ ሰበብ አይኖረውም።

ምን ይጠበስ፦
ጋሼ፣ ምነው እኔ ላይ! ድምፄ ተቃውሞ ነው፣ ይመዝገብልኝ። ጥያቄዬ ግን አለ። ያንን አናጺ ሰማንያ ዓመት እስኪሞላው ድረስ ያንከራተቱት ለምንድን ነው? ሰዓቱ ሠርቶ የለ እንዴ? መጽሐፏ ማን ጋ ናት?

ነርሷ፦
እኔ ጋ አለች። ገጽ አታጥፍብኝ።