የትሬለር ታርጋ ከሌላ ስቴት ማውጣት ያዋጣል?

ጠያቂ፦ ሰላም ወገን። ቨርጂኒያ ነው የምኖረው፣ ለዕቃ ማመላለሻ ትንሽ ክፍት ትሬለር ገዛሁ። እዚህ ካውንቲው (የአካባቢው አስተዳደር) በየዓመቱ የንብረት ታክስ ይጠይቃል፣ ሜሪላንድ ግን ይሄ ነገር የለም። እዚያ ባለው ወንድሜ አድራሻ ታርጋውን ባወጣውስ?

መልስ፦ ወንድምዬ፣ ታክሱ የሚከተለው ታርጋውን ሳይሆን ትሬለሩ የሚያድርበትን ቦታ ነው። የሜሪላንድ ታርጋ ለጥፎ ደጅህ ሲከርም አንዱ ጎረቤት ከጠቆመብህ ካውንቲው ታክሱን ከነቅጣቱ ነው የሚልክልህ። ኢንሹራንሱም ላይ ጣጣ አለው።

መልስ፦ ሜይን ስቴት ነዋሪ ላልሆነም የትሬለር ታርጋ ይሰጣል። ሃይዌይ ላይ ብዙ የከባድ መኪና ተሳቢዎች የሜይን ታርጋ የለጠፉትም ለዚህ ነው። ያንተን ታክስ ግን አያስቀርም።

መልስ፦ ቨርጂኒያ ራሷ ለትሬለር ቋሚ ታርጋ አላት እኮ! አንዴ ከፍለህ ትገላገላለህ፣ በየዓመቱ ማደስ የለም። ይልቅ የኋላ መብራቱን ፈትሽ።