ክርክር፦ ፉትቦል ያመጣውን ብር ሴቶቹም ይካፈሉት ወይስ «ያመጣ ይውሰድ»?

አወያይ፦ የሳምንቱ መነሻችን ይኸውላችሁ። የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ከ2025 ጀምሮ ለስፖርተኞቻቸው በቀጥታ መክፈል ጀምረዋል። «ሃውስ» የሚባለውን የክስ ስምምነት ዳኛ ክላውዲያ ዊልከን ጁን 6 ቀን 2025 ሲያጸድቁት፣ አንድ ዩኒቨርሲቲ በመጀመሪያው ዓመት እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር እንዲያከፋፍል ተፈቀደለት። ለማን ስንት የሚለውን ግን ለየዩኒቨርሲቲው ተወው። በሰፊው የሚነገረው ቀመር 75 በመቶ ለፉትቦል፣ 15 ለወንዶች ቅርጫት ኳስ፣ 5 ለሴቶች ቅርጫት ኳስ፣ 5 ለተቀሩት ሁሉ የሚል ነው። ያስኬዳል? ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ ፉትቦል ስንልም በእጅ የሚጫወቱትን የአሜሪካኑን ነው።

ዳዊት፦ ያስኬዳል። በዚህ ስሌት ፉትቦል 15.375 ሚሊዮን ይወስዳል፣ ለሴቶች ቅርጫት ኳስ 1.025 ሚሊዮን ይደርሳል። ሲያዩት ያስደነግጣል፤ ግን ብሩ ከየት መጣ ብሎ መጠየቅም ነውር አይደለም። ቴሌቪዥኑ የሚከፍለው ለቅዳሜው ፉትቦል ነው። ትኬቱም፣ መኪና ማቆሚያውም፣ ለጋሹም በአብዛኛው ከዚያው ነው የሚመጣው። የሴቶቹ የቀዘፋ ጀልባ፣ የመረብ ኳስ አሰልጣኟ ደመወዝ ከዚያ ትርፍ ይሸፈናል። ላሟን ካረዱ በኋላ ወተት መጠየቅ የለም።

ሂሩት፦ ላም ካነሳህ አይቀር «ላም አለኝ በሰማይ» የሚባልም አለ። የአሜሪካን የኮሌጅ ስፖርት የሚመራው ማኅበር፣ ኤንሲኤኤ፣ ራሱ ባወጣው የ2019 ሂሳብ፣ ከ1,100 ገደማ አባል ትምህርት ቤቶች መካከል የስፖርት ክፍሉ ያመጣው ገቢ ከወጪው የበለጠላቸው 25 ብቻ ናቸው። የተቀሩት ጉድለቱን የሚሞሉት ከተማሪው ክፍያና ከዩኒቨርሲቲው ካዝና ነው። ከከፋዮቹ ተማሪዎች ደግሞ ከግማሽ በላይ ሴቶች ናቸው። ታዲያ የትኛው ትርፍ ነው የሚታለበው?

«ገቢ የሚያስገባ ስፖርት ከሕጉ ይውጣ» የሚለውም አዲስ ሐሳብ አይደለም። ሕጉ ታይትል ናይን ነው፤ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ትምህርት ቤት በጾታ እንዳያዳላ የሚከለክለው። ጁን 23 ቀን 1972 በፕሬዚዳንት ኒክሰን ፊርማ ጸና። በ1974 የቴክሳሱ ሴናተር ጆን ታወር ልክ ይህንኑ ማሻሻያ አቀረቡ፤ አላለፈም። በምትኩ የገባው የሴናተር ጃቪትስ ማሻሻያ «ደንቡ የየስፖርቱን ጠባይ ያገናዝብ» አለ፣ በቃ። ስለዚህ የፉትቦል ራስ ቁርና የትከሻ መከላከያ ከሩጫ ጫማ ቢወደድ አድልዎ አይባልም። ብር ስላመጣ ብቻ ግን ከሕጉ የወጣ ስፖርት የለም።

ዳዊት፦ ሕጉ የሚያወራው ስለ ስኮላርሺፕ ነው። ይሄ ተጫዋቹ ለስሙና ለምስሉ የሚያገኘው ክፍያ ነው። የትምህርት ሚኒስቴሩ ጃንዋሪ 16 ቀን 2025 «ይህም የስፖርት የገንዘብ ድጋፍ ስለሆነ በተሳታፊው ቁጥር ልክ መሆን አለበት» የሚል ማብራሪያ አወጣ፤ አዲሱ አስተዳደር ፌብሩዋሪ 12 ቀን ሰረዘው። አንድ ወር እንኳ አልቆየም።

ሂሩት፦ የተሰረዘው ማብራሪያው ነው። ሕጉም የ1975ቱ ደንብም አሉ። ለዚህ እኮ ነው ስምምነቱ በጸደቀ በቀናት ውስጥ ሴት ስፖርተኞች ይግባኝ ያሉት፤ ወደ ኋላ ተቆጥሮ ከሚከፈለው 2.8 ቢሊዮን ዶላር ውስጥ 90 በመቶ ያህሉ ለፉትቦልና ለወንዶች ቅርጫት ኳስ መሄዱ ታይትል ናይንን ይጥሳል ብለው።

ጋሽ ተፈራ፦ ልጆች፣ ገና እልባት ባላገኘ ነገር ላይ ከምትጨቃጨቁ እልባት ያገኘውን እንያዝ። ሕጉ ሦስት ነገር ለየብቻ ይጠይቃል። ስንት ሴትና ስንት ወንድ ይሳተፋል? የስኮላርሺፑ ገንዘብ እንዴት ተከፈለ? ሜዳው፣ አሰልጣኙ፣ ጉዞው፣ ሕክምናው እኩል ነው ወይ? ሰው ሦስቱን አንድ ላይ እየቀላቀለ ነው የሚሳሳተው።

ስኮላርሺፑ ቀላል ሂሳብ ነው። ከስፖርተኞቹ 45 በመቶ ሴቶች ከሆኑና ጠቅላላው 10 ሚሊዮን ዶላር ከሆነ፣ ሴቶቹ ከ4.4 እስከ 4.6 ሚሊዮን ማግኘት አለባቸው። የትምህርት ሚኒስቴሩ የሲቪል መብቶች ቢሮ በ1998 ያስቀመጠው ልክ የአንድ መቶኛ ነጥብ ልዩነት ነው። ከዚያ ካለፈ ዩኒቨርሲቲው ምክንያቱን ያስረዳል፤ ለምሳሌ ወንዶቹ በአብዛኛው ከሌላ ክፍለ ግዛት ስለመጡ የትምህርት ክፍያቸው ከፍ ያለ ሊሆን ይችላል። ልብ በሉ፣ እዚህ ላይ አንዲት ልጅ ሦስት ስፖርት ብትሠራም የምትቆጠረው አንዴ ነው። በተሳትፎው ቆጠራ ግን ሦስቴ ትቆጠራለች፤ አገር አቋራጭ፣ የቤት ውስጥ አትሌቲክስ፣ የሜዳ አትሌቲክስ።

የሃውስ ስምምነት እዚህ ላይም ነገር አምጥቷል። ድሮ ፉትቦል 85 ስኮላርሺፕ ነበረው፤ አሁን የስኮላርሺፕ ጣሪያው ተነስቶ የቡድን ጣሪያ መጣ፣ 105 ሰው። ሃያውን ትርፍ ስኮላርሺፕ ለወንዶች የሚሰጥ ዩኒቨርሲቲ ለሴቶቹም በልኩ ካልጨመረ የአንድ ነጥቧን መስመር ሳያውቀው ያልፋታል።

ሰብለ፦ ጋሼ፣ ሦስተኛው ነገር ላይ እኔ ልጨምር፤ ወረቀት ላይ የማይታየው እሱ ስለሆነ። የወንዶቹን ቤዝቦልና የሴቶቹን ሶፍትቦል ውሰዱ። የሶፍትቦል ሜዳ ያንሳል፤ በቤዞቹ መካከል 60 ጫማ ነው፣ ቤዝቦል ላይ 90። ኳስ ወርዋሪዋ የምትቆመው 43 ጫማ ላይ ነው፣ ወንዱ 60 ጫማ ከ6 ኢንች ላይ። ስለዚህ ማንም «ሜዳው ይተልቅልን» አይልም። የሚጠየቀው ሌላ ነው። ዝናብ ሲጥል ውሃው ይወርዳል ወይስ እስከ ማግስቱ ይተኛል? መብራት አለ? ከሌለ ልምምዱ ከክፍል ሰዓት ጋር እየተጋጨ ከሰዓት በኋላ ይጨመቃል፣ ወንዶቹ ግን ማታ በመብራት ይሠራሉ። ጣሪያ ያለው የመምቻ ክፍል ለሁለቱም ነው ወይስ ሴቶቹ የሚገቡት ወንዶቹ ሲወጡ? ተጠባባቂዎቹ የሚቀመጡበት ጥላ አለው? ሽንት ቤቱ ስንት ደቂቃ ያስኬዳል? ልብስ መቀየሪያው የራሳቸው ነው ወይስ ጨዋታ ባለ ቁጥር ተጋጣሚ ቡድን ሲመጣ ዕቃቸውን አውጥተው የሚለቁት?

ከሁሉ በላይ የሚሰማው ማመካኛ «የወንዶቹን የሠራው ለጋሽ ነው» የሚል ነው። ይሄ አይሠራም። ብሩ ከለጋሽም ይምጣ ከደጋፊ ክበብ፣ ዩኒቨርሲቲው ከተቀበለው የሴቶቹን ማስተካከል የራሱ ዕዳ ነው።

የሻወር ጉዳይ ቀላል ለሚመስለው፦ ማርች 3 ቀን 1976 የየል ዩኒቨርሲቲ 19 ሴት ቀዛፊዎች የሴቶች ስፖርት ኃላፊዋ ቢሮ ገብተው ልብሳቸውን አወለቁ፤ ጀርባቸው ላይ «ታይትል ናይን» ተብሎ ተጽፎ ነበር። ምክንያቱ? የጀልባው ቤት ውስጥ ለሴቶች ሻወር አልነበረም። በክረምቱ ብርድ ወንዶቹ ሙቅ ውሃ እስኪጠግቡ ድረስ ሴቶቹ እርጥብ ልብሳቸውን እንደለበሱ አውቶቡስ ውስጥ ቁጭ ብለው ይጠብቁ ነበር። በ2021 ደግሞ በኤንሲኤኤ የቅርጫት ኳስ ሻምፒዮና ሳን አንቶኒዮ ላይ የታየውን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ፤ ለወንዶቹ ኢንዲያናፖሊስ ሙሉ ጂም ተዘርግቶ፣ ለ64 የሴቶች ቡድን አንድ መደርደሪያ ዳምቤል፣ ትልቁ 30 ፓውንድ፣ ከዮጋ ምንጣፍ ጋር። ቦታ ጠበበ ተባለ። ተጫዋቿ ሴዶና ፕሪንስ ስልኳን ዞር ስታደርግ ባዶው አዳራሽ ታየ። ታይትል ናይን በጠራራ ፀሐይ ሲጣስ ማለት ይሄ ነው።

ጋሽ ተፈራ፦ የየሉ ልክ ነው፣ የሳን አንቶኒዮው ግን አይደለም ሰብልዬ። በ1999 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ኤንሲኤኤ ከአባላቱ መዋጮ ስለሰበሰበ ብቻ የፌዴራል ገንዘብ ተቀባይ አይባልም ብሏል። ታይትል ናይን የሚይዘው ዩኒቨርሲቲውን ነው። ውድድሩን ያዘጋጀው ኤንሲኤኤ ስለሆነ ያኔ የሠራው ሕግ ሳይሆን ውርደት ነው።

ሌላም የሚሳሳቱበት አለ። ንጽጽሩ ቤዝቦልን ከሶፍትቦል ጋር ብቻ አይደለም፤ የወንዶቹ ፕሮግራም ባጠቃላይ ከሴቶቹ ፕሮግራም ባጠቃላይ ጋር ነው። የሶፍትቦሉ ሜዳ ደካማ ሆኖ የሴቶቹ መረብ ኳስ አዳራሽ ከወንዶቹ የተሻለ ከሆነ ሊካካስ ይችላል። ቅሬታ የሚያቀርብ ሰው ይህን ሳያውቅ አንድ ሜዳ ብቻ ፎቶ አንስቶ ይሄድና ባዶ እጁን ይመለሳል።

ዮሴፍ፦ ስለ ወንዶቹ የሚያወራ የለም እንዴ? በ2006 ጄምስ ማዲሰን ዩኒቨርሲቲ 10 ቡድን በአንድ ቀን ዘጋ፤ ሰባቱ የወንዶች፣ ሦስቱ የሴቶች። ከተዘጉት አንዱ የወንዶች አገር አቋራጭ ነው፣ ጫማና ሰዓት ብቻ የሚጠይቀው ስፖርት። ምክንያት የተባለው ታይትል ናይን ነበር፤ ከተማሪው 61 በመቶ ሴት ስለሆነ። ሴቶችን ከመጨመር ወንዶችን መቀነስ ስለሚረክስ እኮ ነው። ሕጉም ይፈቅደዋል። ይሄን እኩልነት የምትሉት ከሆነ እኔ የለሁበትም።

ሂሩት፦ ሕጉ መፍቀዱን አልክድም፣ ደካማ ጎኑም ይሄው ነው። ግን ሕጉ ቁጥር ብቻ አይደለም። የ1979ኙ ማብራሪያ ሦስት በር ከፍቷል፤ በአንዱ መግባት ይበቃል። አንደኛ፣ ተሳትፎው ከተማሪው ቁጥር ጋር ይቀራረብ። ሁለተኛ፣ ለሴቶች እየጨመርክ መምጣትህንና አሁንም መቀጠልህን አሳይ። ሦስተኛ፣ የሴቶቹን ፍላጎትና ችሎታ ሙሉ በሙሉ አስተናግድ። ነባር የሴቶች ቡድን የሚዘጋ ዩኒቨርሲቲ በሁለተኛውም በሦስተኛውም በር መግባት ይከብደዋል፤ ፍላጎቱና ችሎታው እንዳለ ቡድኑ ራሱ ምስክር ነዋ።

ብራውን ዩኒቨርሲቲ ፍርድ ቤት የተረታው በዚህ ነው። በ1991 የሴቶች ጂምናስቲክና መረብ ኳስን በጀት ነጠቀ፣ ከወንዶች ጎልፍና ውሃ ፖሎ ጋር። በ1993-94 ከ897 ስፖርተኛ 555 ወንድ፣ 342 ሴት ነበሩ፤ ሴቶቹ 38.13 በመቶ ማለት ነው፣ ከተማሪው ግን 51.14 በመቶ። እስቲ አስሉት፦ ወንዶቹ 555 ላይ ቢቆሙና ሴቶቹ ከቁጥራቸው ጋር ይተካከሉ ቢባል 581 ሴት ያስፈልጋል፤ 239 ይጎድላል። ሁለት ቡድን ዘግቶ «ሴቶቹ ፍላጎት የላቸውም» ማለት ዳኛ ፊት አላስኬደም።

ዮሴፍ፣ የወንዶቹን አገር አቋራጭ የበላው ማን እንደሆነ ማየት ከፈለግህ 105ን ተመልከት። ፕሮፌሽናሉ ሊግ በ53 ተጫዋች ይጫወታል። የአገር አቋራጭ ጣሪያ 17 ነው። ከፉትቦል 17 ሰው ቢነሳ 88 ይቀራል።

ዳዊት፦ 53ቱ ሰው ሲጎዳ ገበያ ወጥተው ይገዛሉ፤ ኮሌጅ በጥቅምት አጋማሽ ከየት ያመጣል? ደግሞ ቁጥር ከተነሳ በሴቶቹ በኩል ያለውንም ተንኮል ተናገሩ።

ሂሩት፦ እናገራለሁ። የሴቶች ቀዘፋ ጣሪያው 68 ነው፣ የፉትቦልን ቁጥር ለማካካስ ይጠቅማል። አንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ ቀዝፋ የማታውቅ ልጅ መዝግቦ፣ የቁጥር ቀኑ ሲያልፍ ብትቀር ግድ የለውም፤ ጀልባ ላይ ሳትወጣ ቁጥር ሆና ትቀራለች። ከዚያ የባሰው በየዓመቱ ለሚኒስቴሩ በሚላከው የስፖርት ሪፖርት ላይ ነው፤ ከሴቶቹ ቅርጫት ኳስ ጋር የሚለማመዱ ወንዶች በሴቶች ቡድን ተሳታፊነት ይቆጠራሉ። ለታይትል ናይን ምርመራ ግን እነሱ ሴት አይባሉም።

ሰብለ፦ አገር አቋራጭ ከተነሳ፣ ለእኛ ሰው ይሄ ያስቃል። ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ከ2017ቱ የካምፓላ ሻምፒዮና ጀምሮ ሴትም ወንድም 10 ኪሎ ሜትር እንዲሮጡ አድርጓል። የኤንሲኤኤ አንደኛ ዲቪዚዮን በ2024 ሻምፒዮናውም ወንዶቹን 10፣ ሴቶቹን 6 አስሮጠ። ደራርቱ ቱሉ በ1992 ባርሴሎና ላይ 10 ሺህ ያሸነፈችው ስንት ዓመት ሆነው!

ዳዊት፦ የቡድን ዝርዝሩን ተንኮል አምናለሁ። ገበያውን ግን አልለቅም። ከ2021ዱ ውርደት በኋላ ኤንሲኤኤ የቀጠረው የሕግ ድርጅት የሴቶቹ ቅርጫት ኳስ ስርጭት በ2025 ከ81 እስከ 112 ሚሊዮን ዶላር በዓመት ያወጣል አለ። በ2024 ሲሸጥ ስንት አወጣ? 65።

ሂሩት፦ 65ቱ ለብቻው ተሸጦ አይደለም፤ ከ40 ሻምፒዮናዎች ጋር በአንድ ጥቅል፣ በ115 ሚሊዮን፣ ለስምንት ዓመት። የሸጡትም በጃንዋሪ ነው። በኤፕሪል የሳውዝ ካሮላይናና የአዮዋ ፍጻሜ 18.9 ሚሊዮን ሰው አየው፤ የወንዶቹን 14.8። ወንዶቹ ከ1991 ጀምሮ ጨዋታ ባሸነፉ ቁጥር ለኮንፈረንሳቸው፣ ማለትም ለሚወዳደሩበት የዩኒቨርሲቲዎች ስብስብ፣ ብር ሲገባ ሴቶቹ የመጀመሪያዋን ሳንቲም ያገኙት በ2025 ነው። ለ34 ዓመት ሴቶች ላይ ያፈሰሰ ዩኒቨርሲቲ አሸንፎም ምንም አያገኝም ነበር። ገበያው ይወስን የምትለው በዚህ ሚዛን ነው?

አወያይ፦ የልጃቸውን ኮሌጅ ማየት ለሚፈልጉ ወላጆች አንድ ሁለት ነገር ብትሉልን?

ጋሽ ተፈራ፦ ሂሩት ያነሳችው የስፖርት ሪፖርት በየዓመቱ እስከ ኦክቶበር 15 መውጣት አለበት፤ ለሕዝብ ክፍት ነው። ጠቅላላ ወጪውን ዝለሉት፣ ፉትቦል ያዛባዋል። መጀመሪያ የተሳታፊውን ቁጥር ከነግርጌ ማስታወሻው አንብቡ፤ ወንድ ተለማማጆቹ እዚያ ናቸው። ቀጥሎ «ያልተደጋገመ ቆጠራ» የሚለውን ይዛችሁ ከስኮላርሺፑ ድርሻ ጋር አስተያዩ። ከዚያ የምልመላ በጀት፤ ሴት ስፖርተኛ 45 በመቶ ሆና ምልመላው 30 ከሆነ ቡድኑ ለምን እንደማይሞላ ገባችሁ።

ሰብለ፦ ጉብኝት ስትሄዱም አዲሱን ስታዲየም ካሳዩዋችሁ በኋላ የሶፍትቦሉን ሜዳ በራሳችሁ ፈልጉ። በሥራ ቀን፣ ዝናብ በጣለ ማግስት።

ዳዊት፦ እሱን እኔም አደርገዋለሁ። 15.375ቷን ግን ይግባኙ እስኪያልቅ አልመልስም።