የዱባይ ፍሪ ዞን ኩባንያ በእርግጥ ግብር የለበትም?

ጥያቄ፦ ፍሪ ዞን (የራሱ ደንብ ያለው ነፃ የንግድ ቀጠና) ውስጥ የድረ ገጽ ሥራ ድርጅት ልከፍት ነው። ደንበኞቼ ከዞኑ ውጭ ያሉ የዱባይ ሱቆች ናቸው። ደላላው «ግብር ዜሮ ነው» ይለኛል። ልመነው?

መልስ 1፦ ወንድሜ፣ አትመነው። ዜሮው በሕግ ለተዘረዘሩ ሥራዎች ነው፤ የድረ ገጽ ሥራ የለበትም። ስለዚህ ከ375,000 ድርሃም በላይ ባለው ትርፍ ላይ 9 በመቶ ትከፍላለህ። ግን ጠቅላላ ገቢህ ከ3 ሚሊዮን ካላለፈ፣ እስከ ዲሴምበር 31 ቀን 2026 ለሚዘጋ የግብር ዘመን የአነስተኛ ንግድ እፎይታ አለ፤ ማለትም ይህን የትርፍ ግብር አትከፍልም። የግብር መግለጫው ላይ ራስህ መምረጥ አለብህ፤ በራሱ አይመጣም።

መልስ 2፦ ባትሸጥም ድርጅቱ በተቋቋመ በ3 ወር ውስጥ ኢማራታክስ (የአገሪቱ የግብር መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ) ላይ ለትርፍ ግብር ተመዝገብ፤ ካለፈህ ቅጣቱ 10,000 ድርሃም ነው። መግለጫውን የሒሳብ ዓመቱ ካለቀ በ9 ወር ውስጥ አስገባ።

መልስ 3፦ ቫትም አለ፣ 5 በመቶ። እዚያም መመዝገብ ግዴታ የሚሆንበት ቁጥር 375,000 ድርሃም ነው፤ የሚቆጠረው ግን የ12 ወር ሽያጭ እንጂ ትርፍ አይደለም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው።