የባጃጄ ፍሬን ፔዳል እስከ ወለል ወረደ፤ ነገ ጠዋት ሥራ አለብኝ፣ እባካችሁ

ባለባጃጅ ከደሴ (ጠያቂ)
ሰላም ቤተሰብ፣ አስቸኳይ ነው። ፍሬን ስረግጥ ፔዳሉ ዝም ብሎ ይወርዳል። ደጋግሜ ስረግጠው ከፍ ይልና ይይዛል። እሑድ ስለሆነ የማውቃቸው ጋራዦች ዝግ ናቸው። ነገ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ተማሪዎች የማመላልስበት ኮንትራት አለኝ። ግማሽ ሊትር የፍሬን ዘይት ገዝቻለሁ። ልጨምርበት ወይስ አየር ላውጣ? አየር አወጣጡን በደንብ የሚያስረዳኝ ካለ ውለታው አይረሳኝም። ቁልፎች፣ ካቻቪቴና ክሪክ አሉኝ።

የፒያሳ ሹፌር
አብሽር ወንድሜ፣ የፍሬኑ መስመር ውስጥ አየር ገብቶ ነው። አንድ ሰው ረግጦ ይያዝልህ፣ አንተ ጎማው ጋ ያለችውን የአየር ማውጫ ብሎን ፍታ፣ አየሩ ፍስስ ብሎ ይወጣል። አለቀ።

ሸዋ በር
ጥያቄህ ላይ አልስማማም። «ዘይት ልጨምር» ምን ማለት ነው? የፍሬን ዘይት ተቃጥሎ የሚያልቅ ነገር አይደለም። ከቀነሰ ወይ ሸራው (ታምቡሩን ተጭኖ ጎማውን የሚያቆመው) አልቋል፣ ወይ የሆነ ቦታ ይፈሳል። አየርም ዝም ብሎ ከሰማይ አይገባም። መጀመሪያ ምን እንደተፈጠረ ንገረን እንጂ። ዘይቱ ቀንሷል? ከጎማዎቹ በስተኋላ እርጥብ ነገር ይታያል? ከዚህ በፊት ምን ተሠርቶ ነበር?

ሆጤ ሰፈር
በዚህ ፍሬን የሐረጎን ቁልቁለት ከወረድክ ኮምቦልቻ የምትደርሰው ከጭነትህ ቀድመህ ነው 😄

ባለባጃጅ ከደሴ (ጠያቂ)
@ሸዋ በር ዘይቱ አልቀነሰም፣ ግን ጠቁሮ ቡና መስሏል። እርጥበት አላየሁም። ባለፈው የኋላ ቀኙን ሲሊንደር ጎሚኒ (ዘይቱ እንዳያመልጥ የሚይዘውን ላስቲክ) ጋራዥ ቀይረውልኛል፤ ከዚያ ወዲህ ፔዳሉ ትንሽ ለስለስ ብሎ ነበር። ትናንት ደግሞ እቃ ጭኜ በሐረጎ ወደ ኮምቦልቻ ወረድኩ። ግማሽ መንገድ ላይ ፔዳሉ ጠፋ። በእጅ ፍሬንና በማርሽ አቆምኳት። ሲቀዘቅዝ ተመለሰ፣ ግን እንደ ድሮው አይደለም።

ሸዋ በር
ይኸው! ዋናውን ነገር ደብቀህ ኖሯል። ጎሚኒ ሲቀየር መስመሩ ተከፍቷል፣ አየሩ በደንብ አልወጣም ማለት ነው።

የድሮ መካኒክ
ልጆች፣ ሐረጎ ላይ የሆነው ሌላም ነገር ነው። ጠቁሯል የተባለውን ዘይት ልብ በሉ። የፍሬን ዘይት ውሃ ይስባል። ዓመታት ሲቆይ ከአየር ላይ ያለውን እርጥበት ቀስ በቀስ ይጠጣል። አዲስ ዶት 3 (ዶት የፍሬን ዘይት ደረጃ ነው) ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ መቆየት አለበት። 3.7 በመቶ ውሃ ሲገባበት ግን ደረጃው የሚጠይቀው 140 ብቻ ነው። ዶት 4 አዲስ ሲሆን 230፣ እርጥብ ሲሆን 155 ነው። ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሳትለቅ ስትወርድ ታምቡሩ (ከጎማው ጋር የሚዞረው፣ ሸራው የሚይዘው ብረት) ይግላል፣ ሙቀቱ በሲሊንደሩ በኩል ወደ ዘይቱ ያልፋል። ዘይቱ ሲፈላ እንፋሎት ይሆናል። እንፋሎት ደግሞ ሲጫኑት ይታመቃል፣ ፈሳሽ ግን አይታመቅም። ስለዚህ የረገጥከው ሁሉ እንፋሎቱን ለማመቅ ይውላል፣ ሸራው ጋ አይደርስም። ሲቀዘቅዝ ፔዳሉ የሚመለሰውም ለዚህ ነው።
እንግዲህ ጥያቄህ ተመለሰ፦ መጨመር ሳይሆን አሮጌውን አውጥቶ ሙሉ በሙሉ መቀየር ነው።

ፈጣኑ ባለሶስት እግር
አንድ ሰው ረግጦ ይያዝልህ፣ አንተ ብሎኑን ፍታ። ቀላል ነው። ዘይት ካነሰህ የሞተር ዘይት ሙላበት፣ እኔ አድርጌው ሠርቷል።

የድሮ መካኒክ
በፍጹም! ይህን ምክር ማንም እንዳይከተል። የሞተርም ሆነ የመሪ ዘይት የፍሬን ጎሚኒዎችን ያሳብጣል። ዛሬ የሠራ ይመስልሃል፣ ቆይቶ ፍሬኑ ይዞ አልለቅም ይላል፣ ወይም ጎሚኒው ይፈርሳል። አንዴ ከገባ የሁሉም ጎማና የማስተሩ (ፔዳሉ የሚገፋው ዋናው ሲሊንደር) ጎሚኒ ተቀይሮ መስመሩ መታጠብ አለበት። አንተም ወንድሜ የራስህን ቶሎ አሳይ።

ከኮሎራዶ
እኔ እዚህ አሜሪካ ባለ አራት ጎማ የተራራ ሞተሮች የሚጠገኑበት ቦታ ነው የምሠራው። ብዙዎቹ በዲስክ ፍሬን ነው የሚሠሩት፣ የአየሩ ነገር ግን ያው ነው። ረዳት ሰው ከሌለህ ከፋርማሲ ትልቅ ስሪንጅ ግዛ። በቀጭን ቱቦ አዲስ ዘይት ጎማው ጋ ባለችው የአየር ማውጫ ብሎን በኩል ወደ ላይ ቀስ ብለህ ግፋ። አየር ራሱ ወደ ላይ መውጣት ስለሚወድ በቀላሉ ይወጣል። ይህን የምታደርገው ግን መጀመሪያ አሮጌውን ከዘይት ማስቀመጫው መጥጠህ ካወጣህ በኋላ ነው፣ አለበለዚያ ሞልቶ ይፈስብሃል። ቀለም ላይ ከነካ ወዲያው በውሃ እጠበው፣ የፍሬን ዘይት ቀለም ይልጣል።

ባለባጃጅ ከደሴ (ጠያቂ)
ወንድሜ አለ፣ እሱ ይረግጥልኛል። የገዛሁት ዶት 4 ይላል። ከየትኛው ጎማ ልጀምር?

የድሮ መካኒክ
የማስቀመጫው ክዳን ላይ የተጻፈውን እይ። ዶት 3 ቢልም ዶት 4 መጠቀም ትችላለህ። ዶት 5 ብቻ የሚለውን ግን አታስገባ፤ እሱ ሲሊኮን ነው፣ ከሌሎቹ ጋር አይቀላቀልም።
መጀመሪያ ይህን ሞክር። ደጋግመህ ረግጠህ ፔዳሉ ከፍ ካለ በኋላ በእግርህ ጫን በለው። እንደ ድንጋይ ከጠነከረ ችግሩ ሸራው ከታምቡሩ መራቁ ነው፣ ሸራውን አስጠጋ። ከፍ ብሎም ከለሰለሰ አየር አለ። ሁለቱም አብረው ሊኖሩ ይችላሉ።
አሁን ወደ ሥራው። ሜዳ ላይ አቁማት፣ ጎማ ሥር ድንጋይ አድርግ። ጥቁሩን ዘይት ከማስቀመጫው በስሪንጅ አውጣ፣ በንጹሕ ጨርቅ ጥረግ፣ አዲሱን ሙላ። ከማስተሩ ከሚርቀው ጀምር፦ ሁለቱ የኋላዎች፣ በመጨረሻ የፊቱ። የአየር ማውጫዋን ብሎን ከጭቃ አጽዳ። መጀመሪያ ቁልፉን አስገባ፣ ከዚያ የሚያሳይ ቱቦ ጫፏ ላይ ሰካ። የቱቦው ሌላኛው ጫፍ ትንሽ አዲስ ዘይት ባለበት የፕላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ ይጥለቅ።
ወንድምህ ቀስ ብሎ ይርገጥና ይያዝ። አንተ ብሎኑን ሩብ ዙር ፍታ። አረፋና ጥቁር ዘይት ይወጣል፣ ፔዳሉም ይወርዳል። ወንድምህ እግሩን አያንሳ! አንተ አጥብቀህ «ልቀቅ» ስትለው ብቻ ይልቀቅ። ብሎኑ ክፍት ሳለ ከለቀቀ አየሩን መልሶ ይስበዋል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ንጹሕ ዘይት ያለ አረፋ እስኪወርድ ድገሙት። መሀል መሀል ማስቀመጫውን እያየህ ሙላ፤ ባዶ ከሆነ እንደገና ከዜሮ ነው።
ሌላው፣ ማስተሩ ያረጀ ከሆነ ፔዳሉን እስከ ወለል አትስደዱት። ጎሚኒው ሄዶ የማያውቅበት ዝገት ላይ ደርሶ ይቀደዳል። ፔዳሉ ሥር ቁራጭ እንጨት አድርጉ። ጠርሙሱ ውስጥ የተጠራቀመውን ዘይት ደግሞ መልሰህ አትጠቀም።

የፒያሳ ሹፌር
እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው፣ በአጭሩ 😄

የተማሪ እናት
ልጄ በባጃጅ ነው ትምህርት ቤት የምትሄደው። ወንድሜ፣ ዛሬ ሠርተህ ነገ በልጆቻችን ላይ አትሞክረው። ለወላጆቹ ደውልላቸው፣ ማንም አይቆጣህም።

ሆጤ ሰፈር
እውነቷን ነው። ባይሆን የጓደኛህን ባጃጅ ላከው፣ ሒሳቡን ትካፈላላችሁ። ቀልዱን ትቼ አንድ ነገር ልንገርህ፦ ቁልቁለት ላይ ከመጀመርህ በፊት ሁለተኛ ማርሽ አስገባ፣ ሞተሩ ይያዝልህ። ፍሬን ረገጥ እያደረግክ ልቀቀው፣ ተጭነህ አትውረድ። ክላች ይዘህ አታንሸራት።

ባለባጃጅ ከደሴ (ጠያቂ)
እህቴ ልክ ነሽ፣ ለጓደኛዬ ደውዬ ነገን ተቀብሎኛል። የኋላ ቀኙን ጨረስን፣ አረፋው ጉድ ነው! የግራው ብሎን ግን ዝጎ አልፈታ አለ። ቁልፉ እየተንሸራተተ ጠርዙን እየበላው ነው።

ከኮሎራዶ
አቁም! እዚህ ላይ አትታገል። ያ ብሎን መሀሉ ቀዳዳ ስለሆነ ቶሎ ይሰበራል። አፉ ክፍት የሆነውን ቁልፍ ተወውና ዙሪያውን የሚከበውን ተጠቀም። የዝገት ማላቀቂያ ቀባና ተወው፣ ሸራው ጋ እንዳይደርስ ተጠንቀቅ። በትንሽ መዶሻ ጫፉን ቀስ አድርገህ ምታው። ከዚያ መጀመሪያ ወደ ማጥበቂያው ትንሽ፣ ቀጥሎ ወደ መፍቻው ሞክር።

የድሮ መካኒክ
እሺ ካላለ ነገ ጋራዥ ሲከፈት ሲሊንደሩን ራሱን ቀይር፣ ከነብሎኑ ነው የሚመጣው። ስትጨርስ ፔዳሉን ጠበቅ አድርገህ አንድ ደቂቃ ያዝ። እየሰመጠ ከሄደ፣ ውጪም የሚፈስ ከሌለ፣ ማስተሩ ውስጡን እያሳለፈ ነው፤ አየር ብታወጣ አይድንም። ካልሰመጠ ብሎኖቹ ደረቅ መሆናቸውን እይ፣ ባዶዋን ሜዳ ላይ በቀስታ ሞክራት።

ሰኞ ገበያ
ይህን አንብቤ የራሴን ከፍቼ አየሁ፣ እሱም ጠቁሯል። ፍሬኑ ግን ይይዛል። በየስንት ጊዜ ነው የሚቀየረው?

የድሮ መካኒክ
በአብዛኛው በየሁለት ዓመቱ ይባላል። እንደ ደሴ ዳገትና ቁልቁለት ብቻ በሆነ ቦታ ለሚሠራ ሰው ግን በየዓመቱ ቀይረው እላለሁ። ዘይት ስትገዛ ያልተከፈተ ጠርሙስ ይሁን። ተከፍቶ የቆየ ዘይት ውሃውን ከሱቅ ይዞልህ ይመጣል።

ሸዋ በር
@ባለባጃጅ ከደሴ የግራው ተፈታ?