«ጥቁር» የሚለውን ልምረጥ? ወንድሜስ ዝም በል ብሎኛል

ታናሹ፦

የተከበራችሁ እህቶችና ወንድሞች፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው አሜሪካ ሲሆን ዕድሜዬ 44 ነው። አባታችን በፕሮስቴት ካንሰር በ71 ዓመቱ ዐርፏል፤ ባለፈው ወር ደግሞ አገር ቤት ያለው ታላቅ ወንድሜ፣ ገና በ52 ዓመቱ፣ ያው ሕመም እንደያዘውና ወደ አጥንቱ እንደተሰራጨ ተነገረው። ይህንን ለሐኪሜ ስነግራት በቅጹ ላይ ባዶ የተውኩትን የዘር ሐረግ ጥያቄ እንድሞላ ጠየቀችኝ። ከምርጫዎቹ ለእኔ የሚቀርበው «ጥቁር ወይም አፍሪካዊ አሜሪካዊ» የሚለው ነው፤ ነገር ግን ይህ ምርጫ ስለ ደሜ ምን እንደሚናገር አላውቅም። በተጨማሪም በቤተሰባችን በውርስ የሚተላለፍ የጂን ጉድለት ካለ ምርመራው ከታመመው ሰው ቢጀመር እንደሚሻል ነገረችኝ። ወንድሜን ስጠይቀው መልሱ አጭር ነበር፦ «እህቶቻችን እንዳይሰሙ፤ የእኔንም ሕመም በሰው አገር መዝገብ እንዳታስጽፍ።» ያሳደገኝ እርሱ ነው፤ ቃሉን ጥሼ አላውቅም። ቀጠሮዬ በመጪው ማክሰኞ ነው። ቅጹ ላይ ምን ልሙላ? ደሜን ከአሁኑ ልመርመር ወይስ ልጠብቅ? የእርሱን ሕመም ለሐኪም መናገሬስ ነውር ይሆን?

ነርስ ነኝ፦

ወንድማችን፣ እግዚአብሔር ለታላቅህ ምሕረቱን ያውርድለት። በዚህ አገር ሆስፒታል 16 ዓመት ያገለገልኩ ነርስ ነኝና አሠራሩን ላስረዳህ። በአሜሪካ ከ8 ወንዶች 1ዱ በሕይወት ዘመኑ የፕሮስቴት ካንሰር ይገኝበታል፤ ከጥቁር ወንዶች ግን ከ6 1ዱ ገደማ ነው፤ የሞቱ መጠንም ከነጮቹ እጥፍ ያህል ይደርሳል። የአሜሪካ ካንሰር ማኅበር ስለ ፒኤስኤ (ከፕሮስቴት ዕጢ የሚወጣ ፕሮቲን) የደም ምርመራ ከሐኪም ጋር መነጋገር የሚጀመርበትን ዕድሜ በሦስት ከፍሎታል፤ ለአብዛኛው ወንድ 50፣ ለጥቁር ወንዶችና አባቱ ወይም ወንድሙ ከ65 ዓመት በፊት ለታመመበት 45፣ እንዲህ ያለ የቅርብ ዘመድ ከአንድ በላይ ላለው ደግሞ 40። አባትህ ያረፈበትን ዕድሜ ጻፍክልን እንጂ ሕመሙ የታወቀበትን አልነገርከንም፤ 45 ወይም 40 የሚለውን የሚወስነው ግን እርሱ ነውና አጣራ።

የወንድምህን ጭንቀት እረዳለሁ፤ ሆኖም በአንተ መዝገብ ላይ የሚሰፍረው «ወንድም፣ በ52 ዓመቱ፣ ወደ አጥንት የተሰራጨ» የሚል መረጃ ብቻ ነው፤ ስሙ አያስፈልግም፣ ማንም አይጠይቅህም። የዘረመል ምርመራ ውጤትን በተመለከተ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው የፌዴራል ሕግ የጤና መድን ድርጅቶችም አሠሪዎችም በውጤቱ ተመሥርተው እንዳያዳሉብህ ይከለክላል። ይህ ሕግ የሕይወት መድንን አይሸፍንም፤ ስለዚህ የሕይወት መድን የመግባት ሐሳብ ካለህ ይህንን ከምርመራው በፊት አስብበት። ቅጹን በተመለከተ ያለ ምንም ማመንታት «ጥቁር» የሚለውን ሙላ፤ ምርመራውን ቀድሞ የሚያስገኝልህ እርሱ ነው።

መንገደኛው፦

ከእህቴ ነርሷ ጋር በመጨረሻው ነጥብ አልስማማም። «ጥቁር» የሚለው ቃል የዚህ አገር ታሪክ የወለደው መጠሪያ እንጂ የጂን ስም አይደለም። እኔ በ46 ዓመቴ ፒኤስኤዬ ትንሽ ከፍ ብሎ ሲገኝ ሐኪሙ «በእናንተ ዘንድ ሕመሙ ይበረታል» ብሎ ሌላ ነገር ሳያጣራ ከፕሮስቴቴ በመርፌ ናሙና ወደ መውሰድ ገባ። 12 ጊዜ በመርፌ ተወግቼ ካንሰር አልተገኘብኝም፤ ከዚያ በኋላ ግን ኢንፌክሽን ይዞኝ ሆስፒታል ተኛሁ። የእኛ የዘር ሐረግ ከምዕራብ አፍሪካው የተለየ መሆኑን ሳይንሱ ራሱ እያወቀ የሌላ ሕዝብ ቁጥር በእኛ ላይ ለምን ይጫናል?

ላቦራቶሪ፦

በዘረመል ላቦራቶሪ የምሠራ ሰው ነኝ፤ በሁለታችሁም ንግግር ውስጥ እውነት ስላለ ለየብቻ ላስቀምጠው። ይህ ሕመም ከካንሰሮች ሁሉ የውርስ ድርሻው ከፍተኛ ከሆኑት አንዱ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው የዴንማርክ፣ የፊንላንድ፣ የኖርዌይና የስዊድን መንትዮች ጥናት በሰዎች መካከል ካለው የተጋላጭነት ልዩነት 57 በመቶ የሚሆነው ከውርስ እንደሚመነጭ ገምቷል። ውርሱ ግን በሁለት መንገድ ይመጣል። አንደኛው ብርቅ ነገር ግን ጉልበቱ የበረታ የአንድ ጂን ጉድለት ነው፤ ለምሳሌ ቢአርሲኤ2 የሚባለው ጂን ሲጎድል ሕመሙ ቶሎ የሚመጣና የሚከፋ ይሆናል። ሁለተኛው እያንዳንዳቸው ሲታዩ ከቁጥር የማይገቡ፣ ሲደመሩ ግን የሚከብዱ በመቶ የሚቆጠሩ ጥቃቅን ልዩነቶች ክምችት ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ ጥናት 156,319 ታማሚዎችን ሕመሙ ከሌለባቸው 788,443 ወንዶች ጋር አነጻጽሮ 451 እንዲህ ያሉ ልዩነቶችን ለይቷል። ከዚያ ቀደም ብሎ በ2021 የወጣው ደግሞ 269 ልዩነቶችን ደምሮ ሲያሰላ የአፍሪካ የዘር ሐረግ ያላቸው ወንዶች አማካይ ተጋላጭነት ከአውሮፓውያኑ 2.18 እጥፍ፣ የምሥራቅ እስያውያኑ ደግሞ 0.73 እጥፍ ሆኖ አግኝቶታል።

መንገደኛው የያዘው እውነት «አፍሪካ» የሚለው ቃል ላይ ነው። በእነዚህ ጥናቶች አፍሪካ ተብለው ከተቆጠሩት አብዛኞቹ ሐረጋቸው ከምዕራብ አፍሪካ የሚመዘዝ ሰዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ የኢትዮጵያውያን የጂኖም (የሙሉ ዘረመል ስብስብ) ጥናት ግን ከተጠኑት ማኅበረሰቦች በአንዳንዶቹ ከጂኖማቸው ከ40 እስከ 50 በመቶ የሚሆነው ከ3,000 ዓመት ገደማ በፊት ከአፍሪካ ውጭ ካለ ሕዝብ ጋር ከተደረገ መቀላቀል የመጣ መሆኑን አሳይቷል፤ መጠኑም ከማኅበረሰብ ማኅበረሰብ ይለያያል። ስለዚህ 2.18 የሚለውን ቁጥር እንዳለ አንስቶ በእኛ ላይ ማሳረፍ ስሕተት ነው።

ነገር ግን ከዚህ ተነሥቶ «እንግዲያው እኛ ደኅና ነን» ማለት የባሰ ስሕተት ነው። ሆክስቢ13 የሚባለውን ጂን ተመልከቱ። ጂ84ኢ የተባለው ጉድለቱ እ.ኤ.አ. በ2012 ሲታወቅ በዋናነት የሰሜን አውሮፓ ሐረግ ባላቸው ወንዶች ላይ የታየ ነው፤ በዚያው ጂን ላይ ያለው ኤክስ285ኬ የተባለው ጉድለት ግን በምዕራብ አፍሪካ ሐረግ ላይ ተገኘ፤ ያም የሆነው ተመራማሪዎች እነዚያን ሰዎች ለይተው ስለመረመሩ ነው። የምሥራቅ አፍሪካ ሐረግም የራሱ ጉድለት ቢኖረው እስከ ዛሬ የፈለገው ሰው ጥቂት ነው። በሥራዬ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው፤ የእኛ ሰው ናሙና ሲመጣ «ትርጉሙ ያልታወቀ ለውጥ» የሚል ውጤት ደጋግሜ አያለሁ፣ ምክንያቱም የምናወዳድርበት መዝገብ በአብዛኛው የአውሮፓውያን ነው።

ታናሹ፣ ላንተ ግን በቅጹ ላይ ከምትሞላው ሳጥን ይልቅ የሚከብደው የወንድምህ ሕመም ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ አንድ ጥናት ሕመሙ ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል የተሰራጨባቸውን 692 ወንዶች መርምሮ 11.8 በመቶ በሚሆኑት ላይ የተጎዳ ዘረመልን የሚጠግኑ ጂኖች የውርስ ጉድለት አግኝቷል፤ ቢአርሲኤ2 ብቻውን 5.3 በመቶ ነበር። ሐኪምህ ከታመመው ይጀመር ያለችህ ለዚህ ነው፤ በእርሱ ላይ ጉድለቱ ከተገኘ አንተን ያንኑ ብቻ ፈልጎ መመርመር ይቻላል። እርሱ ሳይመረመር አንተ ብቻ ተመርምረህ ምንም ካልተገኘብህ፣ የሌለው በአንተ ላይ ይሁን በቤተሰቡ ሁሉ ሳይለይ ይቀራል።

የልጆች አባት፦

ይህን ሁሉ ሳነብ አባቴ ትዝ አሉኝ። ለአራት ዓመት በየወሩ ገንዘብ ስልክላቸው «ለኩላሊት መድኃኒት» እየተባለ ነበር። መጨረሻ ላይ ሽንት ከለከላቸው ተባለ፤ ከዚያም ዐረፉ፤ እኔም መሄድ ሳልችል ቀረሁ። የሕመማቸውን ትክክለኛ ስም የሰማሁት ከሁለት ዓመት በኋላ፣ አጎቴ ሲታመሙ ነው። ልጄ እንዳይጨነቅ ብለው መደበቃቸውን ዐውቃለሁ፤ ፍቅር ነው። ይሁን እንጂ እዚህ ሐኪም ፊት ተቀምጬ «በቤተሰብህ ካንሰር አለ?» ስባል ለስድስት ዓመታት ያህል «የለም» እያልኩ ስመልስ ኖሬአለሁ። ስንቶቻችን የላክነውን ገንዘብ እስከ ሳንቲሙ እየመዘገብን የገንዘቡን ምክንያት ሳንጠይቅ ኖርን? ወንድሜ ታናሹ፣ ከታላቅህ አፍ ሕመሙን በስሙ መስማትህ እኔ ያላገኘሁት ነገር ነው።

መንገደኛው፦

ነፍሳቸውን ይማር። ላቦራቶሪ፣ ስላስረዳኸን አመሰግናለሁ፤ ነገር ግን ቁጥሩ የእኛ አይደለም ካልክ ሳጥኑም የእኛ አይደለም ማለትህ ነው። ፒኤስኤ ራሱ በውርስ ከሰው ሰው እንደሚለያይ፣ ካንሰር ሳይኖር በተፈጥሮው ከፍ የሚልበት ሰው እንዳለ አንብቤአለሁ። የእኛ ሕዝብ የተፈጥሮ ልክ ሳይታወቅ ከወዲሁ መመርመር እኔ የደረሰብኝን በሌላው ላይ ማብዛት ነው። ከዚያም በላይ በሕይወት ዘመኑ ሁሉ ጉዳት የማያደርስ ካንሰር ተገኝቶበት ቀዶ ጥገና ተደርጎለት ሽንቱን መቆጣጠር የተሳነው ሰው አውቃለሁ።

ነርስ ነኝ፦

የደረሰብህ አሳዝኖኛል፣ በሥራዬም አይቼዋለሁ። ዛሬ ግን በብዙ ቦታ ከመርፌ በፊት የፒኤስኤ ምርመራው ይደገማል፣ ኤምአርአይም ይነሣል፤ ያንተ ሐኪም መዝለሉ ጥፋት ነው፣ ጥፋቱ ግን የምርመራው አይደለም። ሳጥኑን በተመለከተ ደግሞ ቃሌን አላጥፍም። የጥቁሮች ሞት የበዛው በጂን ብቻ ቢሆን ኖሮ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመው ጥናት ያሳየውን ባላሳየ ነበር፤ ሕክምናው ለሁሉም እኩል በሚሰጥበት በቀድሞ ወታደሮች የጤና ሥርዓትና በክሊኒካዊ ሙከራዎች ውስጥ፣ በተመሳሳይ ደረጃ ላይ ያሉ ጥቁሮች በሕመሙ የመሞት ዕድላቸው ከነጮቹ የበለጠ ሆኖ አልተገኘም። ዘግይቶ መድረስና ችላ መባል ይገድላሉ፤ ችላ የሚለን ሰው ደግሞ ከ3,000 ዓመት በፊት ከማን ጋር እንደተቀላቀልን አይጠይቀንም።

መንገደኛው፦

በዚህ ንግግርሽ ራስሽ መሰከርሽልኝ፤ ጉዳዩ የአድልዎ ከሆነ አድልዎ ተብሎ ይጠራ እንጂ የደም ጠባይ ተደርጎ አይጻፍብን።

ላቦራቶሪ፦

ሁለቱም ሊሆን ይችላል፤ አንዱ ሌላውን አያስቀረውም። በ8ኛው ክሮሞሶም 8ኪው24 በሚባለው ሥፍራ የአፍሪካ ሐረግ ባላቸው ወንዶች ላይ ብቻ የሚገኝ፣ ተጋላጭነትን በእጥፍ ገደማ የሚጨምር ልዩነት አለ፤ ይህ አድልዎ አይደለም፤ ያንን ለተሸከመ ሰው ምርመራ ማዘግየት ግን አድልዎ ነው። መፍትሔው ከሳጥኑ መውጣት ሳይሆን የእኛ ሰዎች በጥናቶቹ ውስጥ በራሳቸው ሐረግ መቆጠራቸው ነው። ፈቃደኞች ሲጠየቁ እንቢ የሚሉ ወገኖቼን ብዙ ጊዜ አግኝቻለሁ።

መንገደኛው፦

እንቢ የሚሉት ናሙናቸው የት እንደሚደርስ የሚነግራቸው ስለሌለ ነው። በዚህ ላይ ሰፊ ማብራሪያ እፈልጋለሁ።

ታናሹ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ነርሷ እንዳለችኝ አጣራሁ፤ የአባታችን የሕክምና ወረቀት በወንድሜ እጅ ነበርና ዛሬ ፎቶ አንሥቶ ላከልኝ። ሕመሙ የታወቀበት በ63 ዓመቱ ነው፤ ስለዚህ በእህታችን አቆጣጠር መጀመር የነበረብኝ በ40 ነው ማለት ነው። ማክሰኞ ደሜን እሰጣለሁ። በቅጹ ላይ «ጥቁር» የሚለውን መርጬ በባዶው ቦታ «ምሥራቅ አፍሪካ፣ ኢትዮጵያ» ብዬ ልጽፍበት አስቤአለሁ። ወንድሜ ወረቀቱን ሲልክልኝ ስለ ጂን ምርመራው ምንም አላለም፤ ስለ እህቶቻችንም ቃሉን አላነሣም።

ነርስ ነኝ፦

ቢአርሲኤ2 ቢሆን ጉድለቱ ለእያንዳንዱ ልጅ የመተላለፍ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው፤ በሴቶች ላይ ደግሞ በሕይወት ዘመናቸው በጡት ካንሰር የመያዝ ዕድሉ ከ60 በመቶ በላይ ነው። እህቶችህ ስንት ናቸው?

ታናሹ፦

ሦስት። ታላቋ 49 ዓመቷ ነው፤ ሁሉም አገር ቤት ናቸው። ነገ ወንድሜን ደግሜ እደውልለታለሁ።