ለዳናክል አሸዋና ለኤርታሌ ጥቁር ድንጋይ፦ ለላንድክሩዘር ፒካፕ የቱ ጎማ ይሻላል?

ፒካፕ_ሾፌር

ሰላም ለሁላችሁ። መኪናው ላንድክሩዘር 79 ፒካፕ ነው። ጎማው 7.50 አር 16፣ ቸርኬው ከፋብሪካ የመጣው አምስት ተኩል ኢንች፣ ባለ ቀለበት፣ ከመነዳሪ ያለው። መስመሩ ከመቀሌ በበራህሌ ወርዶ ሐመድ ኤላ፣ ከዚያ የአሳሌ ጨው ሜዳ፣ አልፎ አልፎ ደግሞ አሸዋውን አቋርጦ እስከ ኤርታሌ ግርጌ። ጭነቱ አንድ በርሜል ናፍጣ (200 ሊትር)፣ 200 ሊትር ውሃ፣ 250 ኪሎ የሚሆን ዕቃና ሦስት ሰው። አምስቱም ጎማዎች ይቀየራሉ።

ሱቆች ውስጥ ምክሩ አይገጥምም። አንዱ «ጥርሱ የጎላ የጭቃ ጎማ ውሰድ» ይላል፤ ሌላው «ሰፊ 265 ግጠምበት፣ አሸዋ ላይ ይንሳፈፋል» ይላል፤ ሦስተኛው «ናይሎን እንጂ ራዲያል እዚያ አይበረክትም» ይላል። የቱ ነው ትክክል? አየሩስ ስንት ይሁን?

ጎሚስታው

ስለ ጥርሱ ከመጨነቅህ በፊት ቸርኬህን እይ። አምስት ተኩል ኢንች ቸርኬ ለ7.50 የተሠራ ነው። 265 ጎማ ቢያንስ ሰባት ኢንች ይፈልጋል። በጠባብ ቸርኬ ላይ በግድ ከገባ መሃሉ ይጎብጣል፤ ስለዚህ መሃሉ ብቻ ይበላል፣ ጎኑም ከቸርኬው ወጣ ብሎ ለድንጋይ ይጋለጣል። 235/85 አር 16 እንኳ ከስድስት ኢንች በታች አይገባም። ስለዚህ ሁለት መንገድ አለህ፦ ወይ በያዝከው ቸርኬ 7.50 አር 16 ራዲያል መግጠም፣ ወይ ቸርኬውንም ለውጠህ ከመነዳሪ ወደሌለው 235/85 መሄድ። የሁለቱ ቁመት 80 ሳንቲሜትር ገደማ ስለሆነ የፍጥነት መቁጠሪያህም ማርሽህም አይዛባም። ቸርኬ ስትፈልግ የ79 ባለ አምስት ቡሎን መሆኑን አትርሳ፤ የሃይሉክስ ባለ ስድስት አይገባበትም።

ቀጥሎ ክብደት። ናፍጣ በሊትር 0.84 ኪሎ ገደማ ነው፣ በርሜሉ ከነቆርቆሮው ወደ 190 ኪሎ ይመጣል። ከውሃውና ከዕቃው ጋር 640 ኪሎ ሆነ፤ ከሞላ ጎደል ሁሉም የሚያርፈው ኋላ ላይ ነው። ጭነህ ምድር ሚዛን ላይ የኋላውን ብቻ አስመዝን። 1,900 ኪሎ ቢል እያንዳንዱ የኋላ ጎማ 950 ኪሎ ተሸከመ ማለት ነው። ጎማው ጎን ላይ ከመጠኑ ቀጥሎ የሚመጣው ቁጥር የጭነት ቁጥር ነው፦ 112 ማለት 1,120 ኪሎ፣ 116 ማለት 1,250፣ 120 ማለት 1,400። እነዚህ ደግሞ ጎማው ሙሉ አየር ሲይዝ ነው። ጉድጓድ ውስጥ ሲወድቅ ክብደቱ ለቅጽበት በጣም ስለሚጨምር ከ116 በታች አትግዛ፤ 120 ካገኘህ እሱን። ከቁጥሩ አጠገብ ያለው ፊደል ፍጥነት ነው። ኤን (140 ኪሎሜትር በሰዓት) ለዚህ መኪና ይበቃል፤ ለከፍተኛ ፍጥነት ፊደል ተጨማሪ ብር አታውጣ።

የተሠራበትን ጊዜም አንብብ፦ ዶት የሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ላይ ያሉት አራት አኃዞች ሳምንትና ዓመት ናቸው። 2319 ማለት በ2019 እ.ኤ.አ. 23ኛው ሳምንት። አምስት ዓመት መጋዘን ውስጥ የቆየ ጎማ ጥርሱ አዲስ ቢመስልም ላስቲኩ ደርቋል፣ በዚያ ሙቀት ቶሎ ይላጣል።

ቆላ_መንገድ

ጎሚስታው ያለው ልክ ነው። ስለ ጥርሱ ልጨምር።

የጭቃ ጎማ ጥርሱ የሚጎላው ጭቃውን ቆርጦ ከሥሩ ያለውን ጠንካራ መሬት እንዲነክስ ነው። አሸዋ ከሥሩ የሚነከስ ጠንካራ ነገር የለውም። ጥርሱ አሸዋውን እንደ አካፋ ወደ ኋላ ይዝቃል፣ ጎማው ለራሱ ጉድጓድ ይቆፍራል፤ ሁለት ዙር ሲሽከረከር መኪናው በሆዱ ይተኛል። አሸዋ የሚፈልገው ጥርሱ ዝቅ ያለ፣ እርስ በርሱ የተጠጋጋ፣ ትከሻው ክብ የሆነ ጎማ ነው። ድሮ ለሰሃራ ተብሎ የተሠራው ሚሼሊን ኤክስ ኤስ ጥርሱ ጥቃቅንና ዝቅ ያለ ነበር፤ ለማያውቀው የአስፋልት ጎማ ይመስላል። ግማሽ ያለቀ ጎማ አሸዋ ላይ ከአዲሱ የሚሻለውም በዚሁ ምክንያት ነው። ድንጋይ ላይ ግን ግማሽ ያለቀው ቶሎ ይበሳል፣ ስለዚህ አሮጌ ግዛ ማለቴ አይደለም።

«ናይሎን ይሻላል» የሚሉህ ጎኑ ወፍራም ስለሆነ ነው፤ እዚያ ላይ እውነት አላቸው። ችግሩ የናይሎን ክሮች ተጠላልፈው ከጎን እስከ ጎን ስለሚሄዱ ጎኑ በታጠፈ ቁጥር መርገጫውም አብሮ ይንቀሳቀሳል። አየር ስትቀንስለት ይግላል እንጂ በደንብ አይረዝምም። ራዲያል ጎኑ ለብቻው ይታጠፋል፣ መርገጫው እንደ ሰንሰለት ተዘርግቶ መሬቱ ላይ ይተኛል። አሸዋ የሚያሻግርህ ይህ ርዝመት ነው። ስፋቱ የሚጨምረው ትንሽ ነው፤ «ሰፊ ጎማ» የሚለውን ምክር የምቃወመው ለዚህ ነው። ሰፊው ከፊቱ ብዙ አሸዋ ይገፋል፣ ጠባብና ረጅሙ ደግሞ የራሱን ዱካ ጠቅጥቆ ያልፋል።

የኔ ምርጫ በያዝከው ቸርኬ ላይ 7.50 አር 16 ራዲያል፣ ጥርሱ መካከለኛ የሆነ፣ ለሁሉም መንገድ የሚባለው።

ዲፍረንሻል

በአሸዋው እስማማለሁ፤ የኤርታሌ ጥቁር ድንጋይ ግን ሌላ ነገር ነው። ቅልጥ አለቱ እንደ ተሰበረ ጠርሙስ ስለት አለው፤ የሚያጠቃውም መርገጫውን ሳይሆን ጎኑን ነው። ጎኑ የተቀደደ ጎማ ደግሞ በልጣፍ አይድንም። ስለዚህ የጎኑን ድርብርብ ቁጠር። ጎማው ላይ በጥቃቅን ፊደል መርገጫው ስንት፣ ጎኑ ስንት ድርብርብ እንዳለው ተጽፏል። «ባለ 10 ፕላይ» የሚለው ትልቁ ጽሑፍ የጥንካሬ ደረጃ እንጂ የድርብርብ ቁጥር ስላልሆነ አያታልልህ፤ ባለ 10 ፕላይ ተብሎ ጎኑ ሁለት ብቻ የሆነ ብዙ አለ። ለዚያ ድንጋይ ጎኑ ሦስት ይሁን።

አብዛኛው ሥራህ ድንጋዩ ላይ ቢሆን የጭቃ ጎማውን አልከለክልህም ነበር፤ ትከሻው ላይ ያለው ጥርስ ጎኑን ይጠብቃል። አንተ ግን ድንጋዩን የምትነካው አልፎ አልፎ ነው።

አንድ ነገር አጥብቄ ልንገርህ፦ ፊትና ኋላ የተለያየ ቁመት ያለው ጎማ አትግጠም። የ79 አራት በአራት ሲገባ የፊቱና የኋላው ዘንግ እኩል ይዞራል። የጎማው ቁመት ከተለያየ ልዩነቱ የሚወጣበት ቦታ ስለሌለ ካምቢዮውና ዲፍረንሻሉ ይጨነቃሉ፣ ማርሹም አልወጣ ይላል። ትርፍ ጎማውም ያው መጠን ይሁን። እዚያ ሜዳ ላይ ደግሞ አንድ ትርፍ አይበቃም፣ ሁለት ያዝ።

ፒካፕ_ሾፌር

አመሰግናለሁ። እንግዲያው 7.50 አር 16 ራዲያል፣ ጎኑ ሦስት ድርብርብ፣ የጭነት ቁጥሩ ከ116 የማያንስ። የቀረኝ አየሩ ነው። መቀሌ ላይ የሞላሁት ቆላ ስወርድ ይጨምራል ይባላል፤ ከመነሻው ላጉድለው? ደግሞ ገልፍ ያሉ ሾፌሮች አሸዋ ላይ 12 ፒኤስአይ (የጎማ አየር ግፊት መለኪያ) ሲሉ እሰማለሁ።

የሪያድ_መንገድ

የገልፉን ቁጥር እኔ ልመልስ። እዚህ 12 እና 15 የሚባለው ለባዶ መኪና ነው፤ ሁለት ሰው፣ ከመነዳሪ የሌለው ጎማ፣ አጭር ጉዞ፣ ሲያበቃ አስፋልቱ ዳር አየር መሙያ። 640 ኪሎ ጭነህ በ12 ፒኤስአይ ብትሄድ ጎማው ከቸርኬው ይወጣል፤ ባይወጣም ጎኑ ውስጡን ይቃጠላል።

ቆላ_መንገድ

መቀሌ 2,250 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ሐመድ ኤላ ከባሕር ጠለል በታች 100 ሜትር ገደማ። ስትወርድ የውጭው አየር ግፊት ስለሚጨምር መለኪያህ ወደ አራት ፒኤስአይ ቀንሶ ያሳያል። ሙቀቱ ከ15 ወደ 40 ዲግሪ ሲወጣ ደግሞ ወደ አራት ይጨምራል። እርስ በርሳቸው ስለሚጣፉ መቀሌ ላይ አታጉድል፤ ጠዋት ጎማው ሳይግል ፊት 35፣ ኋላ 48 ሙላ። ከአንድ ሰዓት ጉዞ በኋላ ስትለካው ከ4 እስከ 6 ቢጨምር ጤነኛ ነው። ከ8 በላይ ከጨመረ ጎማው ከሚገባው በላይ እየታጠፈ ነው፦ ወይ አየር ጎድሎታል፣ ወይ ጭነቱ በዝቷል። የጋለ ጎማ ጨመረ ብለህ አየር አታውጣ፤ ሲቀዘቅዝ ይጎድልና በሚቀጥለው ቀን የባሰ ይግላል።

አሸዋው ሲጀምር ፊት 18፣ ኋላ 24 አድርግ። ምክንያቱን በቁጥር እየው፦ 950 ኪሎ የተሸከመ ጎማ በ48 ፒኤስአይ መሬት የሚረግጠው 280 ካሬ ሳንቲሜትር ገደማ ነው፤ በ24 እጥፉን፣ 560 ገደማ ይረግጣል። ጎኑም ጥቂት ስለሚሸከም ግምት ነው፣ ግን መኪናው ለምን እንደሚሰምጥና ለምን እንደሚንሳፈፍ ይነግርሃል። ፍጥነትህ ከ40 አይለፍ፣ መሪውን በድንገት አትጠምዝዝ። ፍሬን ሳትረግጥ መኪናው ራሱ እንዲቆም ተው፤ ፍሬን ከጎማው ፊት የአሸዋ ክምር ይሠራል፣ ስትነሳ የሚይዝህ እሱ ነው። የፊት ጎማ መቆለፊያዎቹን (ጎማውን ከፊቱ ዘንግ ጋር የሚያያይዙትን) አሸዋው ሳይጀምር ቆልፍ፤ ከሰመጥክ በኋላ ተንበርክኮ መቆለፍ መከራ ነው። ሜዳውን በኤች 4 (ፈጣኑ አራት በአራት) ሁለተኛና ሦስተኛ ማርሽ ሂድ፣ ኤል 4 (ዝግተኛውና ጉልበተኛው) ለመውጫ ይቆይህ።

ጎማው ሲሽከረከር ከተሰማህ ወዲያው ነዳጁን ልቀቅ። ከአራቱም ጎማ ፊትና ኋላ አሸዋውን በአካፋ ዛቅ፣ ፊቱን 15 ኋላውን 18 አድርግ፣ በመጣህበት ዱካ ወደ ኋላ ውጣ፤ ያ ዱካ ተጠቅጥቋል። ክሪክ ለማቆም 40 በ40 ሳንቲሜትር የሆነ ወፍራም ጣውላ ያዝ፣ አለዚያ ከመኪናው በፊት የሚሰምጠው ክሪኩ ነው። ጠዋት አሸዋው ሳይግል ጠንከር ስለሚል ከባዱን ክፍል በዚያ ሰዓት እለፍ።

ድንጋዩ ጋ ስትደርስ ደግሞ መልሰህ ሙላ፦ ፊት 28፣ ኋላ 34። ከዚህ ካነሰ ጎኑ ተነፍቶ ስለቱ ላይ ይወጣል፤ በጣም ከጠነከረ መርገጫው አይታጠፍም፣ ይበሳል። ፍጥነቱ የእግረኛ ይሁን።

ዲፍረንሻል

መልሶ መሙላት ስላልክ ስለ ኮምፕሬሰሩ። አንድ የዚህ መጠን ጎማ ከ18 ወደ 40 ለማድረስ 100 ሊትር ያህል አየር ይፈልጋል፤ አራቱ 400። በደቂቃ 30 ሊትር የሚል ትንሽ ኮምፕሬሰር ግፊቱ ሲጨምር ስለሚደክም ከግማሽ ሰዓት በላይ ይወስድብሃል፣ በመሃልም ይግላል። ቢያንስ 70 ሊትር የሚለውን ግዛ፣ ገመዱንም በቀጥታ ባትሪው ላይ ያዝ። ከሲጋራ መለኮሻው ከሳብክ ፊውዙ ይቃጠላል። ኮምፕሬሰር የሌለው ሰው አየር ለመቀነስ ይፈራል፤ ሰምጦ የሚቀረውም ስለዚህ ነው።

ጎሚስታው

ባለ ከመነዳሪ ስለሆንክ ያልተነሳ አንድ አደጋ አለ። አየሩ ሲቀንስ ጎማው ቸርኬው ላይ ቀስ እያለ ይንሸራተታል፣ ከመነዳሪውን ይዞት ይዞራል፣ ቫልቩ ከሥሩ ይቀደዳል። ስለዚህ ከ15 በታች በፍጹም አትውረድ። ጎማውና ቸርኬው ላይ ፊት ለፊት ነጭ ቀለም አስምር፤ ማታ ማታ ስታየው መስመሩ ከተለያየ እየተንሸራተተ ነው። ቫልቩ ተጋድሞ ካየኸው አየሩን ጨርሰህ አውጥተህ አስተካክል። ከመነዳሪው ለራዲያል የተሠራ፣ መጠኑም 7.50-16 የሚል ይሁን። በከመነዳሪውና በቸርኬው መካከል የሚገባውን ላስቲክ አትተው፤ ያለሱ የቸርኬው ዝገት ከመነዳሪውን ይበላዋል። አዲስ ከመነዳሪ ሁለት ተጠቅልሎ መኪናው ውስጥ ይኑር።

የአሳሌ ጨው ደግሞ ለቸርኬው ቀለበት ጠላት ነው። ከጨው ሜዳው በወጣህ ቀን ቸርኬውን ከውስጥም ከውጭም በንጹሕ ውሃ እጠብ። ጎማው በተፈታ ቁጥር የቀለበቱን ማረፊያ በሽቦ ብሩሽ ጥረግ፣ ቀለበቱን መሬት ላይ አስተኝተህ ጠማማ መሆን አለመሆኑን እይ። ከመፍታትህ በፊት የቫልቩን ፒን አውጥተህ አየሩ እስከ መጨረሻው ይውጣ። ስትነፋ ቀለበቱ ወደ መሬት ይሁን ወይም በወፍራም ሰንሰለት ይታሰር። መጀመሪያ እስከ 10 ፒኤስአይ ብቻ ንፋ፣ ቀለበቱ ዙሪያውን መቀመጡን አረጋግጥ፣ ከዚያ በረጅም ቱቦ ራቅ ብለህ ቆመህ ቀጥል። በትክክል ካልተቀመጠ በመዶሻ አትምታው፤ አየሩን አውጥተህ እንደገና ጀምር። ዝገት የበላው ወይም የተሰነጠቀ ቀለበት ካየህ ለረዳትህም ለማንም ንፋ ብለህ አትስጥ፤ ጣለውና ሌላ ግዛ።