በሰያፍ ነፋስ የሚጠመዘዝ የሳህን አንቴና ምሰሶ፦ እርዳታ እፈልጋለሁ

ድሬዳዋ ውስጥ ጣሪያ ላይ ለሚተከል ባለ 2.4 ሜትር ዲያሜትር ሳህን አንቴና የብረት ድጋፉን በኮምፒውተር እየተነተንኩ ነው። ነፋሱ ፊት ለፊት ሲመጣ ችግር የለም፤ በሰከንድ 40 ሜትር ፍጥነት በእጅ ያሰላሁት ወደ 6.2 ኪሎኒውተን የነፋስ ኃይል ከፕሮግራሙ ውጤት ጋር ይስማማል። (የከተማችን አየር ከባሕር ጠለል አየር የሳሳ ነው፤ ለጥንቃቄ ግን ጫናውን አልቀነስኩም።)

የያዘኝ ነፋሱ በሰያፍ ሲመታ ነው። ግፊቱ በሳህኑ ላይ እኩል ስለማይሰራጭ ምሰሶው መጠምዘዝ አለበት። እኩል ግፊት ስሰጠው ግን ፕሮግራሙ ጥምዘዛውን ዜሮ ያደርገዋል፤ ይህን ቁጥር በፍጹም አላምነውም። የማሰሪያ ብሎኖቹ የሚመረጡት በዚሁ ነው፤ ከሕንፃው ሥር ደግሞ ቀኑን ሙሉ ሰው ያልፋል።

እባካችሁ፣ የሠራችሁበት ንገሩኝ፦ ሳህኑን ከፋፍዬ ለየክፍሉ የተለያየ ግፊት ልስጥ ወይስ ከነፋስ ዋሻ (ሞዴል በሰው ሠራሽ ነፋስ የሚፈተንበት መተላለፊያ) ሙከራ የተገኙ የኃይልና የጥምዘዛ መጠኖችን በቀጥታ ምሰሶው ራስ ላይ ላሳርፍ?